ደጃፉ ከአስፋልቱ ዝቅ ሲል፦ የአዲስ አበባ ነባር ቤቶች በምን ይፈርሳሉ?

የኮሪደር ልማቱ በ2016 ዓ.ም. ፒያሳን፣ በ2017 መጀመሪያ ደግሞ ካዛንቺስን ካዳረሰ ወዲህ ስለ አዲስ አበባ ነባር ቤቶች የሚነሳው ክርክር ሁለት ጎራ ይዟል። አንዱ «ቅርስ ፈረሰ» ይላል። ሌላው «የፈረሰው ደሳሳ ጎጆ ነው፤ ሽንት ቤት እንኳን ያልነበረው» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ያዩትን ነው የሚናገሩት። ከመንገድ ላይ ቆሞ ለሚያይ ዝገት የበላው ቆርቆሮና የተላጠ ጭቃ ብቻ የሆነ ቤት፣ ወደ ጓሮ ዞረው ሲያዩት በእጅ የተጠረበ የጽድ ደረጃና ባለ ፈርጥ ሰገነት ይዞ ይገኛል።

ክርክሩ የሚዘለው ነገር፣ ቤቱ ዶዘር ደጁ ላይ ከመቆሙ በፊት ስንት ክረምት ሲፈርስ እንደኖረ ነው። አብዛኞቹን ለሃምሳ ዓመት ያህል ሲያፈርሳቸው የኖረው ውሃ ነው፤ ውሃውን ያስገባው ደግሞ ጣሪያውን «የኔ ነው» የሚል ሰው መጥፋቱ ነው። «ቅርስ ነው» የሚል ታፔላ ተለጥፎባቸው ከፈረሳው የተረፉትም ቢሆኑ ከአደጋ አልወጡም። በዙሪያቸው ያለው መንገድ ከፍታው ሲቀየር ውሃው አዲስ መግቢያ ያገኛል።

መጀመሪያ የሰፈሩ አሠራር። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር የሰፈረችው እንደ ጦር ሰፈር ነው። ቤተ መንግሥቱ መሃል፣ መኳንንቱ በየጉብታው አናት፣ ጭፍራና ሎሌው በየጌታው ዙሪያ፣ በጉብታና በጉብታ መካከል ወንዝ። ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ራስ ተሰማ ሰፈር፣ ራስ ካሳ ሰፈር የሚሉት ስሞች የዚህ አሰፋፈር ቅሪት ናቸው። በሙያ የተለዩም አሉ፤ ሠራተኛ ሰፈር የቤተ መንግሥቱ አንጥረኞችና አናጢዎች የሰፈሩበት ነው። ጉብታን ከጉብታ ያገናኙት እንደ ራስ መኮንን ድልድይና ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ያሉት ዛሬም የሰፈር መጠሪያ ናቸው።

የውስጥ ለውስጥ መንገዶቹን መሐንዲስ አልቀየሳቸውም። ከጌታው በር ተነስተው ወደ ወንዝ፣ ወደ ደብር ወይም ወደ አራዳ ገበያ የሚወርዱ የእግርና የበቅሎ መንገዶች ነበሩ። ስፋታቸው ጭነት የያዙ ሁለት በቅሎዎች የሚተላለፉበት ያህል ነው፤ መጠምዘዛቸውም ቁልቁለቱን ለማብረድ ነው። የዝናቡ ውሃም በዚያው ጥምዝ ፍጥነቱን ቀንሶ ወደ ወንዙ ይወርዳል። ይህ ቀልጣፋ የውሃ መውረጃ ነበር፤ ዛሬ ግን ማንም እንደ መሠረተ ልማት አይቆጥረውም።

ድንኳንና ሣር ክዳኑ ወደ ቋሚ ቤት የተለወጠው ሁለት ነገሮች ሲሟሉ ነው። በ1880ዎቹ የገባው ባሕር ዛፍ የማገዶና የማገር ችግርን አቃለለ፤ ከተማዋን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር የነበረው ሐሳብም ቀረ። በ1900 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ደንብ ደግሞ በከተማዋ መሬት በግል መያዝንና መሸጥን ፈቀደ። ነገ እነሳለሁ ብሎ የማይሰጋ ሰው በድንጋይ ይሠራል። መኳንንቱ፣ የሕንድ፣ የአርመንና የግሪክ ነጋዴዎች፣ ጉለሌ ላይ ደግሞ እንደ ሼህ ሆጀሌ ያሉ ሹማምንት በሁለትና በሦስት አሥርት ዓመታት ውስጥ ያቆሟቸው ቤቶች ናቸው እንግዲህ ዛሬ «ነባር» የሚባሉት። የሕንድ አናጢዎች፣ እንደ ሚናስ ኸርቤክያን ያሉ የአርመን መሐንዲሶችና የአገሬው ግንበኛና አናጢ አብረው ስለሠሩ፣ ጣሪያው የአንዱን፣ የሰገነቱ ቅርጽ የሌላውን፣ የጭቃው አሠራር የአገሩን እጅ ያሳያል። ካዛንቺስና ፖፖላሬ የጣሊያን ወረራ ዘመን ሥራ ናቸው፤ ታሪካቸውም አሠራራቸውም ለየት ይላል፤ እዚህ አንገባበትም።

ቤቱ እንዴት ቆመ

የተለመደው ባለ አንድ ፎቅ የመኳንንት ቤት ምድር ቤቱ በጥቁር ድንጋይ ይገነባል፤ የግድግዳው ውፍረት ከ50 እስከ 70 ሳንቲ ሜትር ነው። ድንጋዮቹን የሚያያይዛቸው ሲሚንቶ ሳይሆን ጭቃ ነው፤ ደህና አቅም ያለው ሲሆን ኖራ የተቀላቀለበት። ፎቁ ቀለል ብሎ የሚሠራ ነው፦ የጽድ ምሰሶ፣ በመሃሉ ማገር፣ በሁለቱም በኩል የጭቃ ምርግ፣ ድምሩ 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ። ወለሉ ጣውላ፣ ኮርኒሱ የተወጠረ አቡጀዴ። ከላይ ቁልቁለቱ የበረታ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ አንዳንዱም አናቱ ላይ ማማ የተቀመጠበት።

ዙሪያውን የሚሄደው በረንዳና ሰገነት ለብዙ ሰው ጌጥ ነው። ሥራው ግን ዣንጥላ መሆን ነው። የጭቃ ግድግዳ ዝናብ ፊት ለፊት ከመታው ጥቂት ክረምት ብቻ ነው የሚቆየው፤ ከግድግዳው አንድ ሜትርና ከዚያ በላይ የወጣ የጣሪያ ክፈፍ ካለው ግን መቶ ዓመት ይሞላዋል። እነዚህ ቤቶች እስከ ዛሬ መቆማቸው ራሱ የክፈፉ ምስክር ነው።

ምን ያህል ውሃ እንደሆነ ለመገመት ሂሳቡ ቀላል ነው። አዲስ አበባ በዓመት ወደ 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርድ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። ስለዚህ 150 ካሬ ሜትር ጣሪያ በዓመት 180 ሺህ ሊትር ያህል ይቀበላል። አሸንዳው ደህና ከሆነ ይህ ሁሉ በሁለት ወይም በአራት ማዕዘን ወርዶ ቦይ ይገባል። አሸንዳው አንድ ቦታ ከተበሳ ደግሞ ከዚያ ውሃ ብዙ ሺህ ሊትሩ በየክረምቱ አንዲት ቦታ ላይ፣ ብዙ ጊዜም ምሰሶው ድንጋዩ ላይ በሚያርፍበት ማዕዘን ላይ ይወርዳል። ነባር ቤት ሲፈርስ ከማዕዘን የሚጀምረው ለዚህ ነው።

ከ1967 በኋላ ጣሪያው የማን ሆነ?

የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ለተከራይ ትልቅ እፎይታ ነበር፤ የኪራይ መጠን ቀነሰ፣ ከቤት መባረር ቀረ። ለሕንፃዎቹ ግን የተለየ ውጤት ነበረው። ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች ተሰጡ። የአንድ ባላባት አዳራሽ ለስድስትና ለስምንት ቤተሰብ ተሸነሸነ። ኪራዩ በዚያው ቆመና ሲሚንቶና ቆርቆሮ እየተወደደ ሲሄድ፣ ከቤቱ የሚሰበሰበው የዓመት ገቢ የአንዱን ማዕዘን አሸንዳ እንኳን የማይገዛበት ደረጃ ተደረሰ።

በተሸነሸነ ቤት ውስጥ የሚደርሰው ሁሌም ተመሳሳይ ነው። ምድር ቤት ያለው አባወራ ጣሪያው አያሳስበውም፤ በሱ ላይ የሚያፈሰው መጨረሻ ነው። ፎቅ ያለው ቀዳዳው ሥር ባልዲ ያስቀምጣል። በረንዳው በቺፑድ ተዘግቶ አንድ ተጨማሪ ክፍል ይወጣዋል፤ ያ ሲሆን ክፈፉ ለግድግዳው የነበረው ርቀት ይጠፋል፣ ውሃው አዲሱ የቺፑድ ግድግዳ ላይ ወርዶ ወደ ጣውላው ወለል ጫፍ ይገባል። ጓሮ የተቀጠለው ማዕድ ቤት ጣሪያው ወደ ዋናው ቤት ያዘነብላል። ከአንድ ቆጣሪ ስምንት ቤት መብራት ይጎተታል፤ መቶ ዓመት የደረቀ ጣውላ ባለበት ቤት ይህ ምን ማለት እንደሆነ በጥር 2007 የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል ቃጠሎ ጊዜ ታይቷል፤ የቃጠሎው መነሻ ምንም ይሁን ምን፣ አሮጌ የእንጨት ቤት አንዴ ከተያያዘ ማትረፍ ከባድ ነው።

ነዋሪውን መውቀስ ግን ተገቢ አይደለም። የቀበሌ ቤት ተከራይ ከኪሱ አውጥቶ ቢያድስ ነገ ልነሳ እችላለሁ የሚል ስጋት አለበት፤ ያወጣው ገንዘብ በካሳ አይታሰብለትም። የቅርስነት ሰነድ ያለው ቤት ከሆነ ደግሞ ለመጠገን ፈቃድ ያስፈልገዋል። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ማንኛውም የጥገናና የዕድሳት ሥራ አስቀድሞ የቅርስ ባለሥልጣኑን ፈቃድ እንዲያገኝ ያዛል። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ ሰው እንደፈለገ ቅርስ አይቀጥቅጥ ነው። በተግባር ግን የሚያፈስ ጣሪያ ግንቦት ላይ ማመልከቻ ገብቶለት መልሱ ጥቅምት ላይ ቢመጣ መሃሉ ላይ አንድ ሙሉ ክረምት አለፈ ማለት ነው። ለአነስተኛ ጥገና፣ ማለትም ለአሸንዳ፣ ለቆርቆሮ ምስማርና ለልስን፣ ፈጣን ፈቃድ በወረዳ ደረጃ ቢሰጥ ከብዙ የዕድሳት በጀት የበለጠ ቤት ያድናል።

ሲሚንቶ የሚገድላቸው

ሌላው ገዳይ ቅንነት ነው። ግድግዳው ሲላጥ «ጠንካራ» ይሁን ተብሎ በሲሚንቶ ይለሰናል። ለሁለት ዓመት ያምራል። ጭቃ ግን እርጥበት ይስባል፣ ይተነፍሳል፤ ሲሚንቶው መውጫውን ይዘጋበታል። ከመሬት የወጣው እርጥበት ከልስኑ ጀርባ ተጠራቅሞ ጨው ይተፋል፣ ልስኑ ያብጣል፣ ሲንኳኳ ባዶ ድምፅ ይሰጣል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ምሰሶው ሥሩ በስብሷል። ከውጭ ሲታይ ግን ግድግዳው ቀጥ ያለ ነው። አንድ ቀን በእግር ሲመታ ልስኑ እንደ ሰሌዳ ተነቅሎ ይወድቃል፤ ከኋላው እንጨት ሳይሆን ዱቄት ይገኛል።

ይህን ቀድሞ ማወቂያው ርካሽ ነው፦ ወስፌ ወይም ቀጭን ረጅም ሚስማር። ምሰሶው ድንጋዩን በሚነካበት ቦታ ላይ በእጅ ብቻ ይወጋል። ደህና ጽድ ጫፉን ብቻ ያስገባል፤ ከአንድ ሳንቲ ሜትር በላይ ያለ ኃይል ከገባ ብስባሴው ጀምሯል። ከታች ወደ ላይ በየአሥር ሳንቲ ሜትሩ እየወጉ መሄድ ነው፤ ጠንካራው እንጨት የሚጀምርበት ቦታ ላይ በጠመኔ ምልክት ይደረጋል። ብዙ ጊዜ የሚበሰብሰው ከታች ያለው 30 ወይም 40 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ የቀረው ሁለት ሜትር ተኩል ገና አንድ ትውልድ ይሸከማል። ስለዚህ ምሰሶ ሁሉ አይቀየርም፤ እግሩ ይቀየራል።

ሥራው ከጥቅምት በኋላ ይጀመራል፤ የበልጉ ዝናብም እንዳይደርስበት ቢቀድም ይሻላል። ከላይ ያለው አግዳሚ በባሕር ዛፍ ቋሚና በሽብልቅ ይደገፋል፤ ሽብልቁ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየተመታ እንጂ በአንድ ጊዜ ተነስቶ አይገፋም፤ በአንድ ጊዜ ከተነሳ የፎቁ ጭቃ ሁሉ ይሰነጠቃል። የበሰበሰው እግር ከምልክቱ ትንሽ ከፍ ብሎ ሰያፍ ይቆረጣል፤ የሰያፉ ርዝመት ከምሰሶው ውፍረት ቢያንስ ሦስት እጥፍ መሆን አለበት። ተመሳሳይ ሰያፍ ያለው ደረቅ ጽድ ይገጠምበትና በሁለት ብሎን ይታሰራል። አዲሱ እግር የሚያርፈው በጠፍጣፋ ጥርብ ድንጋይ ላይ ነው። ብዙ አናጢ እዚህ ላይ አርማታ ያፈስበታል፤ ስህተቱ ይህ ነው። አርማታው እግሩን እንደ ሳህን ከቦ ውሃ ይይዝለታል፣ አሥር ዓመት ሳይሞላው እንደገና ይበሰብሳል።

ጭቃውም የራሱ ሥርዓት አለው። መረሬ አፈር ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ ቀይ አፈር ይመረጣል። የጤፍ ጭድ በመጠን የአፈሩን ሲሶ ያህል ይገባል። ውሃ ጠጥቶ፣ በእግር ተረግጦ፣ ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት መቡካት አለበት፤ ሳይቦካ የተመረገ ጭቃ አይይዝም። የመጀመሪያው ምርግ በደንብ እስኪደርቅ ሦስት ሳምንት ይጠበቃል፤ የሚፈጥረው ስንጥቅ የሁለተኛው ምርግ መያዣ ይሆናል። የላዩ ቀለም ኖራ ነው። ኖራው በውሃ ሲነከር ስለሚፈላ ዓይን መጠበቅ ያስፈልጋል፤ በበርሜል ውስጥ ቢያንስ ሦስት ሳምንት ተቀምጦ እንደ ወተት ቀጥኖ ሦስት ወይም አራት ጊዜ ይቀባል። የፕላስቲክ ቀለም ከሲሚንቶው የሚለየው በስሙ ብቻ ነው፤ እሱም ይዘጋል።

መንገዱ ሲቀየር

እዚህ ላይ ወደ ዛሬው ጉዳይ እንመለስ። መንገድ በተጠገነ ቁጥር ከፍ ይላል። አሮጌው ሳይነሳ ላዩ ላይ ጠጠር፣ በጠጠሩ ላይ ኮብልስቶን ወይም አስፋልት ይደረባል። ከሁለት ሦስት ጊዜ በኋላ ሁለት ደረጃ ተወጥቶ ይገባበት የነበረ ደጃፍ አንድ ደረጃ ተወርዶ የሚገባበት ይሆናል። የመንገዱ ጎርፍ መቆሚያው ሳሎን ነው። ከታች ያለው የድንጋይ ግድግዳ ጭቃ መጣበቂያው በየዓመቱ እየታጠበ ይሳሳል፤ ድንጋዮቹ ከቦታቸው እየተንሸራተቱ ግድግዳው ሆዱን ያወጣል። ሆዱን ያወጣ የድንጋይ ግድግዳ መጣበቂያ በመጨመር አይመለስም፤ ያ ክፍል ፈርሶ በነበሩት ድንጋዮች ዳግም መገንባት አለበት።

በአዲሶቹ ሰፋፊ ጎዳናዎች ላይ ተቃራኒውም ያጋጥማል። መሬቱ ተቆርጦ ዝቅ ሲል ነባሩ ቤት ጉብታ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ መሠረቱ ይጋለጣል። የእነዚህ ቤቶች መሠረት ጥልቀቱ ብዙ አይደለም፤ ከግድግዳው ጥግ ጀምሮ ቀጥ ብሎ ከተቆረጠ አፈሩ ከሥሩ ያመልጣል። ደጋፊ ግንብ ከቁፋሮው በኋላ ሳይሆን በአጫጭር ክፍል እየተቆፈረ እየተገነባ መሄድ ይኖርበታል። የሚንቀጠቀጥ ሮለርም ከጭቃ ግድግዳ አሥር ሜትር ውስጥ መግባት የለበትም፤ በዚያ ርቀት በክብደቱ ብቻ የሚያደቅ ሮለር ይበቃል። ይህ ለተቋራጩ ትንሽ ጊዜ ነው የሚወስድበት፤ ግን በሥራ ዝርዝሩ ላይ ካልተጻፈ ማንም አያደርገውም።

ከሁሉ የሚረሳው የጎረቤት ጉዳይ ነው። አንድ ቤት በቅርስነት ተለይቶ ሲተርፍ ግራና ቀኙ ይፈርሳል። ለመቶ ዓመት ከጎረቤት ግድግዳ ጋር ተጣብቆ የኖረው ጎን ክፈፍ የለውም፤ ተሸፍኖ ስለነበር አላስፈለገውም። አሁን አደባባይ ላይ ራቁቱን ቆሞ ዝናብ ይመታዋል። ፈረሳው ካለቀ በኋላ የመጀመሪያው ክረምት ከመድረሱ በፊት ለዚያ ጎን ጊዜያዊ የቆርቆሮ ክፈፍ ካልተሠራለት «የተጠበቀ» የተባለው ቤት በሁለትና በሦስት ዓመት ውስጥ ራሱ ይፈርሳል። ያኔ «አርጅቶ ነበር» ይባላል።

ስለዚህ ቤት መጠበቅ ካስፈለገ አብሮት የሚጠበቅ መንገድ ያስፈልጋል ማለት ነው። የሐረር ጀጎል በሐምሌ 1998 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ የተመዘገበው አንድ ወይም ሁለት የተመረጠ ቤት ሳይሆን ከነግንቡ፣ ከነአምስቱ በሮችና ከነጠባብ መንገዶቹ የቆመው 48 ሄክታር ከተማ ነው። አዲስ አበባ ላይ ያን ያህል ቦታ ማግኘት ዛሬ አይቻልም፤ ያ ዕድል አልፏል። አንድ መንገድ፣ ሁለት መቶ ሜትር ያህል፣ በሁለቱም ወገን ያሉ ቤቶቹን፣ አጥሩን፣ ዛፉንና የውሃ መውረጃውን ይዞ ማቆየት ግን አሁንም ይቻላል፤ ሠራተኛ ሰፈርና ጉለሌ ላይ ቢሞከር ከአሥር ለየብቻ ከቆሙ ቤቶች የተሻለ ይሆናል። ነዋሪው ሲነሳ እድሩና የቡና አጣጩ አብሮ እንደሚበተን መርሳትም አይገባም፤ ነገር ግን ነዋሪ ያለ ሽንት ቤትና ያለ ውሃ «ቅርስ ጠብቅ» ሊባል አይችልም። ባለበት እንዲቆይ ከተፈለገ የፍሳሽ መስመሩ ከቤቱ ዕድሳት ቀድሞ መግባት አለበት፤ ከኋላ ከመጣ የታደሰውን መሠረት ቆፍሮ ያልፋል።

ቆሞ የሚሠራ ቤት ከተዘጋ ቤት ይበልጣል። ከመስቀል አደባባይ አጠገብ ያለው የራስ ብሩ ቤት ከተማዋ በ1979 ዓ.ም. መቶኛ ዓመቷን ስታከብር ሙዚየም ሆኖ እስካሁን ቆሟል። ሁሉም ሙዚየም መሆን አይችልም፤ ቤተ መጻሕፍት፣ ቡና ቤት፣ የእጅ ሙያ ሱቅ፣ መኖሪያም ይሆናል። ወሳኙ የኪራይ ውሉ ነው። አሁን ባለው አሠራር ቤቱ በወረዳ፣ ቅርስነቱ በባህል ቢሮ፣ ቦታው በመሬት ቢሮ፣ ደጁ በመንገዶች ባለሥልጣን እጅ ነው፤ ለአንድ አሸንዳ አራት በር ይንኳኳል። ውሉ ላይ አንድ ተጠያቂ ይሰየም፤ አሸንዳና ቦይ ግንቦት መጨረሻና መስከረም መጨረሻ ላይ ይጠረግ፤ የምሰሶ እግር በዓመት አንድ ጊዜ በወስፌ ይፈተሽ፤ በረንዳ አይዘጋ፤ ሲሚንቶ ልስን አይነካ፤ ለእያንዳንዱ ክፍል የራሱ ቆጣሪና የተቀየረ የኤሌክትሪክ መስመር ይኑረው፤ ተከራዩ ለጥገና ያወጣው ደግሞ በደረሰኝ ከኪራዩ ይቀነስለት። ይህ የመጨረሻው ከሌለ ሌሎቹን ማንም አይፈጽማቸውም።